ከሰልፉ መጨረሻ

ሰው ለወደደው ሰው ደብዳቤ የሚልክበት መንገድ ብዙ ነው። የእነዚህ የሁለቱ ግን ከፋሻና ከፕላስተር ሥር ተሸሽጎ ነበር የሚሄደው።

እሷ በአባቷ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እሱ ሰዎችን ወደ ረጃጅም ተራሮች ይዞ የሚወጣ መንገድ መሪ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ሲል ስለሚውል ስሙን ቀስበሉ ብለውት ቀረ። የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን ሊያስሞላ መጣና ሞላችለት። ከተራራው ሲመለስ ሣጥኑ ውስጥ የተጠቀመበትን ዕቃ ጽፎ አገኘች፤ «ፋሻ ሁለት፣ የራስ ምታት ኪኒን ስድስት፣ ፕላስተር አሥራ አንድ፤ ዘጠኙ ለአንድ ሰው፣ አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቶ።» ብቻዋን ሳቀች። በሚቀጥለው ጊዜ ሣጥኑን ስትሞላ ከጥጡ ሥር አንድ ቁራጭ ወረቀት አኖረች፤ «ለአዲስ ጫማው ሰውዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ።»

በቃ፣ እንዲህ ተጀመረ። ዝርዝሩ እየረዘመ ሄዶ ደብዳቤ ሆነ። ደብዳቤውም ውሎ አድሮ እንቅልፍ የሚነሳ ሆነ።

በነዚህ ሦስት ዓመታት ቀስበሉ አንድም ቀን ከባንኮኒው ወዲህ አልተሻገረም። ባንኮኒው ጥቁር እንጨት ነው፤ በስተግራ በኩል የቤቱ ሰው ሲገባ ወደ ላይ የሚነሳ መዝጊያ አለው። ደንበኛ ከወዲያ፣ ቤተሰብ ከወዲህ። ሣጥኑን ይቀበላል፣ ሁልጊዜ ለሚያመው አንገቱ ቅባት ይገዛል፣ ይሰናበታል። መንገዱ ጥግ እስኪደርስ ደግሞ ሦስት ጊዜ ዞሮ ያያታል። «የሥራ ልማድ ነው፤ ከኋላዬ ሁልጊዜ ሰው አለ» ይላል። እሷ ግን ሦስተኛውን ዙር ሳታይ ወደ ሥራዋ ተመልሳ አታውቅም።

ባለፈው ወር እንደ ወጉ ሽማግሌ ልኮ ጠየቃት። አባቷ በአካባቢው ከሐኪም በላይ የሚታመኑ መድኃኒተኛ ናቸው። ኪኒን የተደረደረበትን ስትሪፕ ሲቆርጡ እንኳ ሹል ጠርዙን በመቀስ ክብ ያደርጉታል፣ የሰው እጅ እንዳይቧጭር። እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ልጁን ቤቱ ድንኳን ለሆነ ሰው እንዴት ይስጥ? እምቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። «በሚቀጥለው ጉዞህ እኔንም እሷንም ጻፈን» አሉት። «ልጄን የት ድረስ እንደምትወስዳት በዓይኔ ልይ። መልሱን ስንወርድ እነግርሃለሁ።»

ስለዚህ የዚህ ጉዞ ዕቅድ የተራራ ዕቅድ ብቻ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከመድኃኒት ቤቱ በስተኋላ ባለችው ክፍል፣ በካርቶኖች መሃል ቀስበሉ ካርታውን ዘረጋ። ለዚህ ሥራ በጓሮ በር ነው ያስገቡት። አራቱን ጠርዝ በሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች አስያዘው።

«ዘጠኝ ቀን ነው» አለ። «መኪና እስከ መጀመሪያው ሰፈር ያደርሰናል፤ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ነው። ከዚያ በእግር። ሁለተኛው ሰፈር ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ነው፤ እዚያ ሁለት ሌሊት እናድራለን።»

«ለምን ሁለት?» አሉ አባትየው። «ከወዲሁ ደከማችሁ?»

«ደማችን አየሩን እንዲለምድ ነው፣ ጋሼ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ቀን ከፍ ብለን አይተን እንመጣለን፤ ለመኝታ እንወርዳለን። የሚቸኩል ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል።»

«እንግዲህ ፍየል ስለ ተራራ ሲያስረዳ ዝም ብሎ መስማት ነው!» አለች አክስትየዋ ከመስኮቱ ሥር። የአባትየው ታላቅ እህት ናት፤ ሹራብ እየሠራች በሁሉም ነገር ትገባለች። ቀስበሉን ፍየሉ ብላ ስትጠራው እሱም ወዶላት «አቤት እትዬ» ይላል።

ቀጥሎ የጉዞ ሰልፉን አወጣ። ሰባት ናቸው፤ ማን ከማን ኋላ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይጻፋል፣ ላይ ከወጡ በኋላም አይቀየርም። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። አንደኛ መንገድ መሪው ራሱ። ሁለተኛ እሳቸው። ከዚያ አራት እንግዶች። ሰባተኛ፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ ልጅቱ።

«አያችሁ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ከእሱ ቀጥሎ እኔ! ሰው ማክበርስ ያውቃል።»

«ሙሽራዋንስ ጅራት አደረጋት እኮ» አለች አክስትየዋ፣ ዓይኗን ከሹራቡ ሳታነሳ።

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ የከፍታ ሕመም ኪኒኖቹን በየሰዉ ፖስታ ትከፋፍል ነበር። በእሱና በእሷ መካከል አምስት ሰው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የጀርባ ቦርሳውን እንኳ ላታይ ነው። ቀና ብላ ዓይኑን ፈለገችው። እሱ ግን ካርታውን እየጠቀለለ ስለነበር አላያትም፤ ወይም ያላየ መሰላት። ሰባተኛውን ፖስታ፣ የራሷን፣ ስታሽግ ጣቷ ትንሽ ዘገየ።

ቀስበሉ ማንንም ሰው ሳይፈትን ተራራ አይወስድም። ፈተናው ቀላል ነው፤ አሥር ኪሎ በጀርባ ተሸክሞ ሰባት ፎቅ ደረጃ ሁለት ጊዜ መውጣት። ከመውጣት በፊትና ከወጡ በኋላ የልብ ምት ይቆጥራል። የመድኃኒት ቤቱ ሕንፃ ሰባት ፎቅ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት እዚያው አደረጉት።

ልጅቱ በቀላሉ ወጣች። ቀስበሉ አንጓዋን ይዞ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ። «መቶ አርባ» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከፊሉ የደረጃው ነው» ሲል ጨመረበት። ቅዳሜ የያዘችው ቅሬታ ለአፍታ ሟሟ።

አባትየው ቦርሳውን በውሃ ፕላስቲክ አስሞልተው ወጡ። በሁለተኛው ዙር አምስተኛው ፎቅ ላይ መደገፊያውን ብረት ይዘው ቆሙ፤ ደግሞ ቀጠሉ። ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጭ ነበር፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። እጃቸውን ግን በኩራት ዘረጉለት። «ቁጠር!»

ቀስበሉ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«ሰባ ስምንት» አለ።

«ሰማሽ!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ በመሃል ሁለት ጊዜ እየተነፈሱ። «የልጅ ልብ ነው... ያለኝ!»

ቀስበሉ እጃቸውን ወዲያው አልለቀቀም። ጥፍራቸውን አየ፣ ከንፈራቸውን አየ። ከዚያ ቦርሳውን ከጀርባቸው በቀስታ አውርዶ ደረጃው ላይ አስቀመጣቸውና እሱም ከሥራቸው ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመጀመሪያው ሰፈር በላይ አልወስድዎትም።»

«ምን አልክ?»

«ሐኪም ያይዎት። ከፈቀደልዎ መኪናው እስከሚደርስበት አብረን እንሄዳለን። ከዚያ በላይ ግን አይሆንም።»

«ራስህ አይደለህ የቆጠርከው? ሰባ ስምንት አላልክም?»

«ብያለሁ። ቁጥሩ ሰባ ስምንት ነው። ትንፋሽዎ ግን ሌላ ይላል፤ እኔ የማምነው ትንፋሹን ነው።»

አባትየው ቀስ ብለው ተነሡ። እንዲህ ሲቆጡ ልጅቱ አይታቸው አታውቅም፤ ድምፃቸው አልጨመረም፣ ቀነሰ እንጂ። «እንግዲያው ስማኝ። እኔ ካልወጣሁ እሷም አትወጣም። እሷ ካልወጣች ደግሞ የላክኸው ሽማግሌ የጠየቀው ነገር እዚሁ ደረጃ ላይ ይቀራል። አሁን ምረጥ።»

ልጅቱ ወደ ቀስበሉ አየች። አንዲት ቃል ትበቃት ነበር። ወይም ቢለምን። ቢቆጣ እንኳ።

ቀስበሉ ለረጅም ጊዜ የእጁን ሰዓት አየ፤ የሚቆጥረው ነገር ግን አልነበረም።

«እሺ» አለ።

ቦርሳውን አንሥቶ ወረደ። በየፎቁ የጫማው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ እሷ አንድ በአንድ ሰማችው። ሰባት ፎቅ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። ሦስት ዓመት ከጥጥ ሥር የተደበቀ ፍቅር በአንዲት «እሺ» ያልቃል? ለዚህ ነው ለካ መጨረሻ የጻፈኝ፣ አለች በልቧ፤ ሲቆርጠኝ እንዳይከብደው።

ማክሰኞ ሣጥኑን ሊሰጥ መጣ። እሷ ጓሮ ካርቶን የምትከፍት መስላ ተቀመጠች። ድምፁን ሰማች፤ «እትዬ፣ ይህን ለባለሣጥኗ ይስጡልኝ፤ አርብ አሥር ሰዓት እወስደዋለሁ።» ባለሣጥኗ የሚላት እሷን ነው።

ሣጥኑ ሁለት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባለፈች ባገደመች ቁጥር ዓይኗን ታሸሻለች። ሐሙስ ጠዋት አክስትየዋ ሹራቧን ጣለች።

«የኔ ልጅ፣ ያ ሣጥን ፈንጂ ነው እንዴ? ባትከፍቺው እኔ እከፍተዋለሁ፤ ማንበብ ደግሞ አልረሳሁም።»

«ተዪው እትዬ። ያለቀ ነገር ነው።»

«ያለቀ ነገር እንዲህ አያስኮርፍም።» አለችና ሣጥኑን አምጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ያቺ ተናጋሪ ሴትዮ ከዚያ በኋላ ምንም ሳትል ወደ መስኮቷ ተመለሰች፤ ዝምታዋ ነው ልጅቱን ያስከፈታት።

ደብዳቤው እንደ ሁልጊዜው ከፕላስተሩ ሥር ነበር።

«ባለሣጥኗ፣

ፋሻ አንድ፣ ፕላስተር ሦስት፣ የጥርስ ማስታገሻ ሁለት። ጥርሱ የእኔ ነው፤ ስኳር ቀንስ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ።

‹እሺ› ስል ፊትሽን አይቼዋለሁ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አባትሽ አንቺንና የገዛ ትንፋሻቸውን አቅርበው ምረጥ አሉኝ። አንቺን ብመርጥ ኖሮ አራት ሺህ ሜትር ላይ እሳቸው ሲወድቁ በየትኛው ዓይኔ አይሽ ነበር? ‹እሺ› ያልኩት ለሕይወታቸው ነው። አንቺን እሺ ብዬ አልተውኩሽም፤ መቼም አልተውሽም። የማጣሽ ከሆነም በእውነት ልጣሽ ብዬ ነው።

የሰልፉን ነገር ሰው አስረድቶሽ እንደሁ አላውቅም። እንግዳ ሰው አያውቀውም፤ አንቺም እንደ እንግዳ ሳታነቢው አልቀረሽም። እኔ ከኋላዬ የማስከትለው የምፈራለትን ሰው ነው፣ ትንፋሹን እየሰማሁ እንድሄድ። መጨረሻ የማደርገው ደግሞ የማምነውን ነው። የደከመውን የሚያየው፣ የቀረውን የሚያነሣው እሱ ነው። መጨረሻ ይሄድልኝ የነበረው የድሮው ጓዴ ጉልበቱን ታሞ ከቀረ አራት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ያን ቦታ ለማንም አልሰጠሁም። ለዚህ ነው በየመቶ እርምጃው የምዞረው። አንገቴ የሚያመኝም ከዚሁ ነው። ቅባትሽን ደጋግሜ ብቀባም ያልሠራልኝ ቅባቱ ሰንፎ አይደለም። አንቺን መጨረሻ ጽፌሽ ማታ ስተኛ ግን አንገቴ ቀለለኝ። ከኋላ አንቺ ካለሽ ዞሬ ማየት አያስፈልገኝም።

ስለ ልብ ምቱ፤ ቁጥሩ ከትንፋሹ ጋር አልገጠመልኝም። ለምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ። ብታገኚው አታሳፍሪያቸው። የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደብዳቤውን ደረቷ ላይ እንደያዘች በድንገት ተነሣች። ቁጥሩ ከትንፋሹ ጋር አልገጠመም። እሷስ እንዴት አላየችውም? ስድሳ አራት ዓመት የሆነው ሰው ሰባት ፎቅ ሁለቴ ወጥቶ፣ እንደ ወናፍ እየተነፈሰ፣ ልቡ ሰባ ስምንት ይመታል?

ሰባ ስምንት እንዲመታ የሚያደርግ ነገር ካልዋጠ በቀር።

የልብ መድኃኒት ወደሚቀመጥበት መደርደሪያ ሄደች። የልብ ምት ቀስ የሚያደርገው ኪኒን ከሦስተኛው ረድፍ ነው። ከማሸጊያዎቹ አንዱ ተከፍቷል። ውስጡ አንድ ስትሪፕ በግማሽ ተቆርጧል፤ የቀረው ግማሽ ጠርዙ በመቀስ ክብ ተደርጎ ተስተካክሏል።

በዚህ ቤት ጠርዝ የሚያከብ እጅ አንድ ብቻ ነው።

ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም እኩል መጣባት። ሌላ ሰው ቢያጭበረብር ቦጭቆ ይጥለዋል። አባቷ ግን ሲያጭበረብሩ እንኳ የሰው እጅ እንዳይቧጭር ተጠንቅቀዋል።

አባትየው ከባንኮኒው ጫፍ ቆመው ማዘዣ ወረቀት ያነብባሉ። ደንበኛ አልነበረም። ልጅቱ ስትሪፑን ፊታቸው አኖረችና እንደ ማንኛውም ደንበኛ በአክብሮት ጠየቀቻቸው።

«ይህን መድኃኒት ማን አዘዘልዎት፣ አባቴ?»

አባትየው አዩት። ወደ በሩ አዩ። ደግሞ ወደ ስትሪፑ።

«ማንም» አሉ።

«ስንት ወሰዱ?»

«ሁለት። ሰኞ ጠዋት።»

«ከመውሰድዎ በፊት የመተንፈስ ችግር ይሰማዎት ነበር?»

«ካለፈው ዓመት ጀምሮ። ደረጃ ላይ ብቻ ነው። አንዳንዴ ደግሞ... ሌሊት።»

ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ። «አባዬ!» አለች። «አንተ እኮ ለሰው ይህን ያለ ሐኪም አትሰጥም! ምን ነካህ?»

አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠርዝ ይጠርጉት ጀመር፤ ንጹሕ ነበር። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ከዚህ እንጨት ኋላ ቆሜያለሁ። ያደግሽው ከሥሩ ነው፤ እዚህ ነበር የምትተኚው፣ ካርቶን ውስጥ። የት እንዳለሽ የማላውቅበት ቀን ኖሮ አያውቅም። አሁን ይህ ሰው መጥቶ እኔ ወደማልደርስበት ቦታ ይወስድሻል። ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ የት እንደሆነ ልየው አልኩ። በኋላ ስትሄጂ እዚህ ቁጭ ብዬ በሐሳቤ መንገዱን እንዳገኘው።»

ልጅቱ ተጠጋቻቸው። ጭንቅላታቸውን ወደ ትከሻዋ ሳበች፤ የጋዋኑ ሽታ የልጅነቷ ሽታ ነበር።

«አውቆብኛል፣ አይደል?» አሉ ከትከሻዋ ላይ ሆነው።

«አውቋል።»

«ለሰው ተናገረ?»

«ለእኔም በግልጽ አልተናገረም። አታሳፍሪያቸው ነው ያለኝ።»

አባትየው ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። የዚያን ቀን እስከ ምሽት የሰጡት መድኃኒት ሁሉ ጠርዙ ከወትሮው ይበልጥ ክብ ነበር።

አርብ ጠዋት ሐኪም ዘንድ አብራቸው ሄደች። ሐኪሙ መረመረ፣ መድኃኒት አዘዘ፣ ደረጃ መውጣት ከለከለ። በመኪና እስከ መጀመሪያው ሰፈር መሄድ ግን ፈቀደ፣ ቁጭ ብለው እስካረፉ ድረስ።

አሥር ሰዓት ላይ ቀስበሉ መጣ። እንደ ሁልጊዜው ከባንኮኒው ወዲያ ቆመ፤ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ልጅቱን አየ፤ ያነበበች መሆኗን ከዓይኗ አነበበ። ጆሮው ቀላ።

«ሣጥኑን ልውሰድ ብዬ ነው፣ ጋሼ። የሚሄዱት አራቱ እንግዶች ናቸው እንግዲህ።»

አባትየው መልስ ሳይሰጡ እርሳስ አወጡ። የጉዞ ዕቅዱን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ከሰልፉ ሁለተኛውን መስመር፣ የራሳቸውን፣ ሰረዙ። ሰባተኛዋን አልነኩም።

«የመጀመሪያው ሰፈር ላይ አንድ ሽማግሌ ከቴርሞሱ ጋር ቁጭ ቢል ማንን ያስቸግራል?»

«ማንንም፣ ጋሼ» አለ ቀስበሉ። «እንዲያውም ሬዲዮ የሚይዝ ሰው ጎድሎኝ ነበር። እኛ ላይ ሆነን በየምሽቱ እንናገራለን፤ ሰው ከታመመ ታች ያለው ሰው መኪና ይጠራል። መድኃኒት የሚያውቅ ቢሆን ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።»

አባትየው በመነጽራቸው አናት አዩት። «እውነት ጎድሎህ ነው ወይስ ለሽማግሌ የሚሰጥ ከረሜላ ነው?»

«ከረሜላ ብሰጥዎ ኖሮ ሰኞ ደረጃው ላይ እሰጥዎት ነበር።»

አክስትየዋ ከመስኮቱ ሥር ሳቋ አመለጣት። «ፍየሉ መናገርም ይችላል!»

«እንግዲህ በየምሽቱ ድምፅዋን እሰማለሁ» አሉ አባትየው ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ግራ ሄዱ። ያቺን የቤተሰብ መዝጊያ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሡና ያዙአት።

«ስንወርድ መልሱን እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር። እኔ እንግዲህ መውጣትም መውረድም የለብኝም አሉ። ስለዚህ አሁን ልንገርህ። ግባ፣ ልጄ።»

ቀስበሉ አልተንቀሳቀሰም። አራት ሺህ ሜትር ላይ ነፋስ የማይበግረው ሰው ከአንድ እርምጃ ፊት ቆሞ ቀረ።

«ኧረ ግባ! ክንዴ ደከመኝ!» አሉ አባትየው። «ሐኪም ሸክም ከልክሎኛል!»

ገባ። ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው አነሡት፤ ሳይለቁትም ቆዩ። ልጅቱ ሣጥኑን ታቅፋ ቆማ ነበር። ሲያስረክብና ሲረከብ የኖረ እጅ ነው፤ ዛሬ ግን በመሃል እንጨት አልነበረም። ጣቶቹ ጣቶቿ ላይ ሲያርፉ ሁለቱም ሣጥኑን መልቀቅ ረሱ።

«ሰባተኛዋ» አለ በዝግታ፣ «ትችያለሽ?»

«አንገትህን አሳርፍ» አለችው።

ሲሄድ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆመች። አባቷ ከጎኗ፣ አክስቷ ሹራቧን ይዛ ከኋላ። ቀስበሉ ሣጥኑን በትከሻው አድርጎ መንገዱን ይዟል። ዳቦ ቤቱን አለፈ። የጫማ ጠጋኙን ጥላ አለፈ። የመንገዱ ጥግ ደረሰ። እርምጃው ቀስ ያለ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዞር ጥጉን ታጠፈ።

«አይ ይህ ልጅ!» አሉ አባትየው ቅር ብሏቸው። «ዞር ብሎ እንኳ አላየሽም እኮ!»

ልጅቱ በመዳፏ ጉንጯን ጠረገች። በሕይወቷ እንዲህ የሚያስደስት ጀርባ አይታ አታውቅም።

«አዎ፣ አባዬ» አለች። «አልዞረም።»